በጦርነትና በመፈናቀል ውስጥ ያሉ ልጆችና ወጣቶች የአእምሮ ጤና፦ ቤተሰብ፣ መስጂድና መድረሳ ምን ማድረግ ይችላሉ?

አንድ ቤተሰብ ከቀዬው ሲፈናቀል መጀመሪያ የሚታሰበው ምግብ፣ ውኃ፣ ብርድ ልብስና መጠለያ ነው። መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ከተተከለና ዱቄቱ ከተከፋፈለ በኋላ፣ ሌሊት እየባነነ የሚጮኸው፣ መናገር ያቆመው፣ ወይም በ9 ዓመቱ እንደገና ፍራሽ ላይ መሽናት የጀመረው ልጅ ብዙ ጊዜ ጠያቂ አያገኝም። አንዳንዱ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይባላል። አንዳንዱ ይገረፋል። አንዳንዱ ደግሞ «ጂን ነክቶታል» ተብሎ ከእኩዮቹ ይገለላል።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል። ከሰሜን ወሎ የሸሹ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳለ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደገና ለመሸሽ የተገደዱ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ በመተማና በኩርሙክ በኩል ስደተኞችን ወደ ሀገራችን አምጥቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ የደረሰው የመሬት መንሸራተት በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰዎችን ነጥቋል። በጋዛ፣ በየመን፣ በሶሪያና በሮሂንጋ ስደተኞች ካምፖች ያሉ ልጆችም ተመሳሳይ ሸክም ተሸክመዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት አጭር ነው። ከመከራ ያመለጡ አብዛኞቹ ልጆች ቅድሚያ የሚያስፈልጋቸው ሐኪም ሳይሆን ደኅንነት፣ የተረጋጋ አዋቂ ሰውና የተለመደ የቀን ውሎ ነው። ይህን ደግሞ ቤተሰብ፣ መስጂድና መድረሳ መስጠት ይችላሉ። ጥቂቶቹ ግን ሕክምና የግድ ያስፈልጋቸዋል። እነዚህን ለይቶ ወደ ጤና ተቋም ማድረስም የእኛው አማና ነው።

ምን ያህሉ ይታመማሉ?

አስደንጋጭ ነገር ያየ ልጅ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። መፍራት፣ ማልቀስ፣ መባነን፣ ከእናት ጉያ አለመለየት፣ እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ሰው ላልተለመደ ክስተት የሚሰጣቸው ምላሾች ናቸው። በብዙዎቹ ልጆች ላይ አካባቢው ሲረጋጋና የሚንከባከባቸው ሰው ሲኖር በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ ግጭት በነካቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ይህም ድብርትን፣ ከባድ ጭንቀትን፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል የአእምሮ ጉዳትንና ሌሎችንም ያካትታል። ከባድ ደረጃ ላይ ያሉት 5 በመቶ ገደማ ናቸው። አኃዙ አዋቂዎችንም ልጆችንም የሚመለከት ሲሆን ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ችግሩ ሰፊ ነው፤ ከአምስት ሰው አንዱ ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው በደረሰበት ላይ ተጨማሪ ጉዳት ካልጨመርንበት መልሶ የመቆም አቅም አለው።

በየዕድሜው የሚታዩ ምልክቶች

ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሆነውን በቃል አይናገሩም። ከወትሮው በላይ ያለቅሳሉ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ይላሉ፣ እንቅልፋቸው ይዛባል፣ ከእናታቸው ላይ አይወርዱም።

ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉት ወደ ኋላ የመመለስ ጠባይ ያሳያሉ። ጣት መጥባት፣ ፍራሽ ላይ መሽናት፣ እንደ ሕፃን መኮላተፍ ይጀምራሉ። የሆነውን ነገር በጨዋታ ደጋግመው ያሳያሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «እኔ ስላጠፋሁ ነው አባዬ የሞተው» ብሎ ሊያምን ይችላል።

ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉት ትኩረታቸው ይበታተናል፣ ትምህርት ይከብዳቸዋል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ይደጋገምባቸዋል። አንዳንዶቹ ይጣላሉ፣ ይሳደባሉ። ሌሎቹ ከሚገባው በላይ ጨዋና ዝምተኛ ይሆናሉ። የሚረብሸው ልጅ ቶሎ ይታያል፤ ዝም ያለው ግን ይረሳል።

ወጣቶች ደግሞ ስሜታቸውን ይደብቃሉ። ተስፋ መቁረጥ፣ ብቸኝነት፣ ቁጣ፣ የበቀል ሐሳብ፣ ጫትና ሌሎች ሱሶች፣ ሶላትንም ትምህርትንም መተው ሊታይባቸው ይችላል። ቤተሰቡን ማዳን ያልቻለ የ16 ዓመት ልጅ ራሱን እንደ ጥፋተኛ ይቆጥራል። ይህን ሸክም «ባለጌ ሆነ» ብሎ ማለፍ ልጁን ይበልጥ ያርቀዋል።

አራቱ የድጋፍ እርከኖች

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማትና በትላልቅ የረድኤት ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው መመሪያ ድጋፉን እንደ ፒራሚድ በአራት እርከን ያስቀምጠዋል።

ከታች ያለው ሰፊው እርከን መሠረታዊ ፍላጎትና ደኅንነት ነው። እርዳታ ሰውን በሚያከብር መንገድ መሰጠቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ መብራትና መቆለፊያ ያለው መሆኑ፣ ልጅ ከወላጁ አለመለየቱ፣ እነዚህ ራሳቸው የአእምሮ ጤና ሥራ ናቸው።

ሁለተኛው የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ ነው። የጠፉ ቤተሰቦችን ማገናኘት፣ ለሟች ሰላተል ጀናዛ መስገድና ሐዘን መድረስ፣ ትምህርትን እንደገና መክፈት፣ ልጆች በሰላም የሚጫወቱበትን ቦታ ማዘጋጀት እዚህ ይገባሉ።

ሦስተኛው ሥልጠና የወሰዱ ነገር ግን የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ለተወሰኑ ልጆችና ቤተሰቦች የሚሰጡት ትኩረት ነው። መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች እዚህ ይሠራሉ።

አራተኛው፣ ጠባቡ ጫፍ፣ የባለሙያ ሕክምና ነው። የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነሱ ግን ምትክ የለውም።

ከሐበሻ ስደት የተወለደው ልጅ

ይህ አሠራር ለሙስሊሙ እንግዳ አይደለም። ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር የተወለደው እዚሁ በሐበሻ ምድር፣ ወላጆቹ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና አስማእ ቢንት ዑመይስ በስደት ላይ ሳሉ ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ አባቱ ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። በሐዲስ ዘገባዎች እንደተላለፈው፣ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዘናቸውን አልደበቁም። ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሆነ ለራሱ ማብሰል እንደማይችል ተረድተው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላም ልጆቹን አስጠርተው፣ ፀጉር አስተካካይ መጥቶ ፀጉራቸውን እንዲላጫቸው አደረጉ። እናታቸው የልጆቹን የቲምነት ስታነሳም ኃላፊነቱን ራሳቸው እንደሚወስዱ አረጋገጡላት።

ቅደም ተከተሉን እናስተውል። ሐዘኑ ቦታ ተሰጠው፤ የተግባር እርዳታ ቀረበ፤ ልጆቹ ወደ መደበኛ ሕይወት በእጅ ተይዘው ተመለሱ፤ ስለ ነገ ያላቸው ስጋት በግልጽ መልስ አገኘ። ማንም ልጆቹን «አታልቅሱ» አላለም። የትንሽ ወፉ ሞት ያሳዘነውን ሕፃን አቡ ዑመይርንም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፉ እየጠየቁ አጫውተውታል። የልጅ ሐዘን ትንሽ ነው ተብሎ አልታለፈም።

ሶብር ማለትም ስሜትን መቅበር አይደለም። ነብዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ናፍቆት ዓይናቸው እስኪጠፋ ያለቀሱት ሶብራቸውን ሳያጡ ነው። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ለልጃቸው ለኢብራሂም አንብተዋል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የቀኑን ሥርዓት መልሱ። በድንኳን ውስጥም ቢሆን የመነሻ፣ የምግብ፣ የጨዋታና የመኝታ ሰዓት ይኑር። አምስቱ ሶላቶች ለቀኑ ቅርጽ ይሰጣሉ። ልጁ «ከመግሪብ በኋላ እንበላለን፣ ከዒሻ በኋላ እንተኛለን» ብሎ ማወቁ ብቻ ያረጋጋዋል።

እውነቱን በልጅ ቋንቋ ንገሩ። አባቱ የሞተበትን ልጅ «ሩቅ አገር ሄዷል» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ በር በሩን ሲያይ ይከርማል፣ በኋላም የነገሩትን ሰዎች ማመን ያቆማል። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ አባቱ እንደሞተና እንደማይመለስ፣ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ ለአባቱ ዱዓ ማድረግ እንደሚችል ይንገረው። «አላህ ስለወደደው ወሰደው» ብቻ ብሎ መተው ትንሹን ልጅ ሊያስፈራው ይችላል፤ እናቱንም እንዲሁ የሚያጣት ሊመስለው ይችላል።

ፍራሽ ላይ የሚሸናን ልጅ አትምቱት፣ አታሳፍሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር ቅጣት ችግሩን እንደሚያባብስ ለወላጆች እንዲገለጽ ያሳስባል። ከመኝታ በፊት እንዲሸና አድርጉ፣ ደርቆ ያደረበትን ቀን አመስግኑት፣ ያልተሳካበትን ቀን በጸጥታ አልብሱን ቀይሩለት። ከቀጠለ ወይም ሲሸና የሚያመው ከሆነ ጤና ጣቢያ ይታይ።

ሲደነግጥ ትንፋሹን ምሩት። ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ አሳዩት፤ አብራችሁት ተንፍሱ። ከዚያ በዙሪያው የሚያያቸውን አምስት ነገሮች እንዲቆጥር ጠይቁት። ሌሊት ሲባንን መብራት አብርታችሁ የት እንዳለና ማን አብሮት እንዳለ ንገሩት።

ጨዋታን አትናቁ። ብይ፣ ሱዚ፣ ገመድ ዝላይ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ማታ ማታ እንቆቅልሽና ተረት፣ እነዚህ ለልጅ መድኃኒት ያህል ናቸው። በሌላ በኩል የጦርነትና የሬሳ ምስሎችን ከስልክና ከቴሌቪዥን አርቁ። ጋዛን ወይም ሱዳንን በስልክ ቀኑን ሙሉ የሚያይ ልጅ፣ ራሱ ያመለጠበትን ቀን ደግሞ ደጋግሞ ይኖረዋል።

መስጂድና መድረሳ ምን ያድርጉ?

መስጂድ በመከራ ጊዜ ሰው ተሰብስቦ የሚመጣበት ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር ሊጀመርበት ይችላል።

ቁርኣን ቤቱንና መድረሳውን ቶሎ ክፈቱ። ትምህርት ቤት እስኪጀመር ድረስ በቀን ሁለት ሰዓት የሚሰበሰቡበት ጥላ ያለው ቦታ ካለ ልጆቹ ቀናቸውን ያገኛሉ። ግማሹ ቅራት፣ ግማሹ ሥዕልና ጨዋታ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሒፍዝ ፉክክር ጊዜ አይደሉም። ትኩረቱ የተበታተነውን ልጅ በአለንጋ መቅጣት የነበረውን ፍርሃት ያባብሳል።

ኡስታዞችና በጎ ፈቃደኞች ሥነ-ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ይማሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለመስኩ ሠራተኞች የተዘጋጀው መመሪያ በሦስት ቃላት ይያዛል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት ደኅንነቱን ማረጋገጥና ይበልጥ የተጎዳውን መለየት ነው። ማዳመጥ ማለት በእርጋታ አጠገቡ ሆኖ ምን እንደሚያስፈልገው መስማት እንጂ ታሪኩን ማውጣጣት አይደለም። ማገናኘት ማለት ከቤተሰቡ፣ ከእርዳታና ከሕክምና ጋር ማድረስ ነው።

ለወጣቶች ሥራ ስጡ። ውኃ ማከፋፈል፣ ስም መመዝገብ፣ ታናናሾችን ማስቀራት፣ ኳስ ቡድን ማደራጀት ወጣቱ «እኔም እጠቅማለሁ» እንዲል ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ10 እስከ 15 ዓመት ልጆች ያዘጋጁት የቡድን ሥልጠናም በዚሁ ሐሳብ ላይ ይቆማል። በሰባት ክፍለ ጊዜ ስሜትን ማወቅ፣ መረጋጋት፣ ወደ ተግባር መመለስና ችግር መፍታት ያስተምራል፤ ለአሳዳጊዎች ደግሞ ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው። በዮርዳኖስ በሶሪያ ስደተኛ ልጆች ላይ ተሞክሯል፤ የሚያሠለጥኑትም የአእምሮ ሐኪሞች መሆን አይጠበቅባቸውም።

ለሴት ልጆች የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። ከሴት ኡስታዛዎችና ከታመኑ እናቶች ጋር የሚያወሩበት ቦታ ይኑራቸው። መፈናቀል ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንዳያፋጥን ሽማግሌዎች ይከታተሉ። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ካለች ምስጢሯ ይጠበቅ፣ አትወቀስ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ትድረስ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው። ከ72 ሰዓት ቢያልፍም ሌላው ሕክምና አሁንም ይጠቅማታል።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

ልጅን የደረሰበትን እንዲተርክ ማስገደድ አይገባም። መናገር ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። ወዲያው ሁሉንም ሰብስቦ ያዩትን ዘርዝሩ የሚለው አሠራር እንደማይጠቅም የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ክኒን ከፋርማሲ ገዝቶ ለልጅ መስጠት አደገኛ ነው።

የሚያለቅስ የቲምን ስምና ፊት በካሜራ ቀርጾ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ማሰራጨት መቆም አለበት። ሰደቃው ይደርሳል፤ ምስሉ ግን ልጁ አድጎ ሲማርና ሲያገባም ይከተለዋል። የየቲምን ገንዘብ መብላት እንደሚፈራ ሁሉ ክብሩን መብላትም ሊፈራ ይገባል።

ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከአንድ ወር በላይ የቆየና የማይሻሻል ፍርሃት፣ ቅዠት ወይም ዝምታ፤ መብላት፣ መተኛት ወይም መማር ጨርሶ አለመቻል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፤ ራስን ወይም ሌላን መጉዳት፤ የሚጥል በሽታ፤ እንዲሁም ከመፈናቀሉ በፊት የነበረ የአእምሮ ሕመም ካለ ባለሙያ ማየት አለበት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ከተቋረጠ ሕይወትን የሚያሰጋ ተደጋጋሚ መጣል ሊያመጣ ስለሚችል፣ ተፈናቃዮች ሲመዘገቡ «የማይቋረጥ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይካተት።

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ።

አንድ ወጣት መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ በቀጥታ፣ በእርጋታ ጠይቁት። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፣ የተባይ መርዝና መድኃኒት ከአጠገቡ አንሱ፣ ወደ ሕክምና አብራችሁት ሂዱ። ንግግሩን «ሐራም ነው» ብሎ በቁጣ መክፈት በሩን ይዘጋዋል። ስለ አላህ እዝነት የሚነገርበት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ ይሰማ።

ሩቅያና ሕክምና

ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ሸሪዓዊ ሩቅያ፣ ማለትም ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ፣ ለልጁም ለቤተሰቡም መጽናኛ ነው። ከሕክምና ጋር አይጋጭም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች መድኃኒት እንዲፈልጉ አዘዋል። በ10ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያረፉት ምሁር አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይተዋል። በ1284 በካይሮ የተከፈተው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታልም ለአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበረው።

ችግሩ የሚመጣው በሩቅያ ስም ልጅ ሲታሰር፣ ሲደበደብ፣ በጭስ ሲታፈን ወይም መድኃኒቱን እንዲያቆም ሲደረግ ነው። ይህ ሩቅያ ሳይሆን በደል ነው። እንደዚህ ያለ ልጅ ወደ እሱ ሲመጣ «ቅራቱን እኔ እቀራለሁ፣ እናንተ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚል ኡስታዝ ልጁን ያተርፈዋል፤ ቤተሰቡ ከማንም በላይ የሚሰማው እሱን ነውና።

ተንከባካቢውስ?

እናት ሳትረጋጋ ልጅ አይረጋጋም። ባሏን ያጣች፣ ለሳምንታት ያልተኛች እናት ልጇን ብትቆጣ ክፉ ሆና አይደለም። ለአንድ ሰዓት ልጇን የሚይዝላት፣ እንጀራ የሚጋግርላት፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማት ጎረቤት ለልጁም ደረሰለት ማለት ነው። በጎ ፈቃደኞችም በፈረቃ ይሥሩ፣ ይረፉ፣ የሰሙትን ከባድ ነገር ከሚያምኑት ሰው ጋር ይነጋገሩ።

ዘካና ሰደቃ በአብዛኛው በኩንታልና በብር ይቆጠራል። በሚቀጥለው የእርዳታ ዙር ከዱቄቱና ከዘይቱ ጎን ኳስ፣ ደብተር፣ የሥዕል ቀለም፣ ለአንድ የሠለጠነ ነርስ የመጓጓዣ ወጪ ይታከልበት። በጀዕፈር ቤት ምግቡ ከደረሰ በኋላ ልጆቹም ተጠርተው ታይተዋል። በእኛም ሰፈርና መጠለያ ያሉት ልጆች እንዲሁ ይታዩ።